የስቅለት ዕለት ስግደት

አቶ መሸሻ ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ ከከተሙ ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነበር። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ነጠላቸው አድፎ፣ ስማቸው በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ዳግመኛ ቤት የሆነው የልጃቸው የተክለጻድቅ ሚስት ቀለሟ ከገባች በኋላ ነው። ቀለሟ የዲጋ አገር ልጅ ናት፤ አባቷ ጉሉማ የፕሮቴስታንት ሚስዮን ሰው። ለጋብቻው ብላ ተጠምቃ ቆርባለች። ጎረቤት ግን መቼ ምላሱን ይሰበስባል? "የሚስዮን ልጅ ጾም ከየት ታውቃለች!" ይላል። ይህ ወሬ አቶ መሸሻን እንደ እግር እሾህ ይወጋቸው ነበር።

ተክለጻድቅ ቢላ በምትባል የወለጋ ከተማ አስተማሪ ሆኖ ሲመደብ "አባባ፣ አደራ!" ብሎ ሚስቱን ለአባቱ ትቶ ሄደ። አደራ... ሲቀበሉት እንዴት ቀላል ነው!

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ሁዳዴ ሊፈታ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቀለሟን ጉንፋን ያዛት። ከተማው ሁሉ ያስል ነበርና ማን ልብ ይበላት? ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ድካሙ ግን እምቢ አለ። ከምንጭ ስትመለስ ሦስቴ ታርፋለች። እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ አላት። አቶ መሸሻ ይህን ቢያዩም ሐኪም ዘንድ አልወሰዷትም። እውነቱን ለመናገር፣ ልቧ ዛሬም እዚያው ሚስዮን ነው ብለው በሆዳቸው አምተዋታል።

ስቅለት ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ ሕዝቡ ይሰግድ ነበር። ቀትር ላይ ቀለሟ ከሴቶቹ ተነጥላ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ሁለት የጎረቤት ሴቶች ተጠቃቀሱ። አቶ መሸሻ ጥቅሻውን አዩና ፊታቸው በኀፍረት ጋለ። ከወንዶቹ ወገን ወጥተው አጠገቧ ቆሙ።

"ተነሺ፤ ሰው እያየን ነው።"

"አባባ... ልቤ ዛለብኝ። ትንሽ ልረፍ።"

"ሁላችንም ደክሞናል። አታዋርጂኝ።"

ተነሣች። ምነው እምቢ ባለች! ምነው ለአንዴ እንኳ ባልታዘዘች! ስትሰግድ ቆይታ፣ ሕዝቡ ሁሉ ቀና ሲል እሷ ብቻ በግንባሯ እንደተደፋች ቀረች። ቄስ ገብረክርስቶስ ሮጠው ደርሰው የታመመ ሰው ለመስገድ እንደማይገደድ ማንም አልነገራት ይሆን ብለው ጠየቁ። አቶ መሸሻ ጎንበስ ብለው አነሧትና ሆስፒታል ወሰዷት።

ሐኪሙ፣ ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ነገር ከጉንፋኑ ጋር ገብቶ የልቧን ጡንቻ እንደጎዳው፣ እግሯም ያበጠው ልቧ ደም መግፋት ስላቃተው እንደሆነ አስረዳ። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ዕረፍት ነበር አለ። ቀለሟ ሁለት ቀን ትራስ ተደግፋ አየር ስትለምን ቆይታ፣ ሰው ሁሉ በፈሰከበት እሑድ ከቢላ የደረሰው ባሏ እጇን እንደያዘ አረፈች። ዛፉ ሥር ስለሆነው ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ለቅሶው ላይ "ጉንፋን ገደላት" ተባለ። የሐኪሙም ቃል ነውና አቶ መሸሻ ከሥሩ ተደበቁ። በሰልስቱ ጉሉማ አጠገባቸው ተቀመጡ።

"ኢንታላ ኮ... ልጄ ሳትወድቅ በፊት ምን አለች? አጠገቧ የነበሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ።"

"ምንም" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ቄሱ፣ ጎረቤቱ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው። ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቁት ስም በአንዲት ቃል ሊወድቅ ነው።

"ልረፍ አለችኝ" አሉ አቶ መሸሻ። "ልቤ ዛለ፣ ልረፍ አለችኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ያስነሣኋት እኔ ነኝ።"

ተክለጻድቅ ከአባቱ ጎን ተነሥቶ ከጉሉማ ጎን ሄዶ ተቀመጠ። ጉሉማ ግን አልተራገሙም።

"እኛ ዘንድ ስትመጣ፣ አማቴ ከወለደኝ አባት አይለዩም ትለን ነበር" አሉ። "እኔም ደስ ይለኝ ነበር።"

ምነው በረገሟቸው! ምነው በመቷቸው! አቶ መሸሻ ነጠላቸውን ተከናንበው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ዕድሏ ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው እያለ ሰው ያጽናናል። ጉንፋኑስ ይሁን፤ ማን ላከው አይባልም። "ተነሺ" የሚለው ቃልስ ከማን አፍ ወጣ? አቶ መሸሻ እስኪሞቱ ድረስ፣ "ዕድሏ ነው" ያላቸውን ሁሉ "የለም፣ እኔ ነኝ" እያሉ ኖሩ።