የአመዶ ወኔ

ጥርስ ሠሪውን ያወቅሁት ጭራቁን በአንድ ምት ገድዬበት ነው።

እኔ ልብስ አስተካካይ ነኝ። ሰፊውን አጠባለሁ፣ አጭሩን አስረዝማለሁ፣ የተበላሸ ዚፕ እቀይራለሁ። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «መርፌ» ይለኛል፤ ለእጄ ይሁን ለምላሴ እስካሁን አልነገረኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን እዘጋና የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ጠርጌ ከጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ።

ጨዋታው ተረትም ውጊያም ነው። አንዱ ተራኪ ሆኖ ዋሻውንና ጭራቁን ያመጣል፤ ሌሎቻችን ጀግኖች ሆነን ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈበትን ጠጠር፣ እየወረወርን እንገጥመዋለን። ማን ማንን መታ፣ ማን ሞተ የሚለውን የሚወስን የሕግ መጽሐፍ አለ። መጽሐፉ በየጊዜው እየታደሰ ይታተማል። ታዲያ የድሮው እትም ሰዎችና የአዲሱ እትም ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተገናኙ አለቀ፤ ሻዩ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል።

የዚያን ቅዳሜ ነርሷ ጓደኛችን ከክሊኒኳ አንድ ረጅም ሰው ይዛ መጣች። «ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ዛሬ ተራኪያችን እሱ ነው» አለችን።

ሰውዬው ሲተርክ፣ ምን ልበላችሁ፣ ትንፋሻችንን ዋጥን። ከድሮው እትም ያመጣት «የረግረጉ እናት» ከጭቃው ውስጥ ቀስ ብላ ስትነሳ ፀጉር ቆራጩ ጓደኛችን እግሩን ከወለሉ ላይ አነሳ። የመጀመሪያው ተራ የኔ ነበር። ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ወረወርኩ። አራት! የሚያሳፍር ቁጥር ነው።

«የጥሩሯ ቁጥር ስንት ነው?» አልኩት።

«ሁለት» አለ በኩራት።

«እንግዲያው መታኋት።»

በድሮው እትም የጥሩር፣ ማለትም የመከላከያ ልብስ፣ ቁጥር ባነሰ መጠን ጭራቁን መምታት ከባድ ነው። በአዲሱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከጥሩሩ ቁጥር የበለጠ ከወረወርክ መታህ። ጥርስ ሠሪው ቁጥሩን ከድሮው መጽሐፍ እንዳለ ቀድቶት ኖሯል፤ ያቺ አስፈሪ ፍጡር ከወረቀት የሳሳች ሆና ቀረች። የሕይወት ነጥቧም የድሮው ትንሹ፣ የኔ ጎራዴ ደግሞ የአዲሱ ብርቱው ነው። ንግግሯን እንኳን ሳትጨርስ ተዘረረች።

«ሴትዮዋ ታማ ነበር እንዴ?» አልኩት።

ፀጉር ቆራጩ ሳቁ አላስቀምጥ ብሎት የጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ወደቀ። የሰውዬው ጆሮ ቲማቲም መሰለ። ሌላ ሰው ቢሆን መጽሐፉን ሰብስቦ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና እሱም ሳቀ።

«የድሮውን ሕግ ከየት አወቅሽው?»

«አባቴ የድሮው እትም ሰው ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በጭራቅ ስም ነው።»

«እንግዲያው አስተምሪኝ» አለ። እንዲህ በቀላሉ አስተምሪኝ የሚል ወንድ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ከሥራ መልስ እየመጣ የድሮ ጭራቆችን ወደ አዲሱ ሕግ አብረን ማዞር ጀመርን። እሱ በቁጥር ይጨነቃል፤ እኔ በልኩ። «የአባትን ካፖርት ለልጁ ስታስተካክል እጅጌውን ብቻ አትቆርጥም፤ ትከሻውን ትፈታለህ» አልኩት። «ጭራቋ ማንን ታስፈራለች? ምን ያህል ትቆያለች? እሱን ያዝ፤ ቁጥሩ ይከተላል።»

ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ። መቀሴን አነሳሁ፤ የምቆርጠው ነገር ግን አልነበረኝም።

«ምን ታያለህ?»

«ምንም» አለ። «ልክሽን እየወሰድኩ ነው።»

ወይ ድፍረት! ክር ወረወርኩበት። ያን ቀን ግን ሱቁን ስዘጋ ቁልፉን በሩ ላይ ረስቼ ቤቴ ገባሁ። ወድጄዋለሁ፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

እሱም ወደደኝ፤ አፍ አውጥቶም ነገረኝ። ከዚያ «አባትሽን ልጠይቅ» አለና ወላጆቼ ቤት መጣ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በደህናው ጊዜ ከሾፌር ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ይህንኑ ጨዋታ ይጫወት ነበር፤ ተራኪው ሁልጊዜ እሱ ነው። «አመዶ» የሚባል የራሱ ዘንዶ ነበረው፤ ግራጫ፣ ክፉ፣ ማንም ያላሸነፈው። ጓደኞቹ ቢጥሩ ቢጥሩ አቃታቸው። ከዚያ አንድ በአንድ አለፉ፤ የመጨረሻው ከተቀበረ ወዲህ አባቴ ዳይሱን ነክቶት አያውቅም።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ወድጃታለሁ» አለ ጥርስ ሠሪው፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ።

«የድሮውን ነው የምትጫወተው የአዲሱን?»

«የአዲሱን።»

«አዲሱ ሁሉንም አለስልሶታል» አለ አባቴ። «ጀግናው አይሞት፣ ጭራቁ አይናከስ። ለቀለለው የሚያደላ ሰው ነገ ቤቱም ሲከብደው ቀላሉን ነው የሚፈልግ። አመዶን ወደ አዲሱ ሕግህ አዙረህ አምጣልኝ፤ እኔ እተርከዋለሁ። ካሸነፋችሁት ቤቴ ቤትህ ነው። አመዶ ከበላችሁ ግን በሬን እንዳትረግጥ።»

እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ! ዘንዶ ካልተሸነፈ ልጅ አልድርም ማለት ምን የሚሉት ነው?»

«ቃሌ ቃል ነው።»

እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ያለ እሱ ፈቃድ ማግባት አያቅተኝም። ግን አባቴ የሌለበት ሠርግ ምን ሠርግ ነው? በእኔና በሚወደኝ ሰው መካከል ከሚቆም ይልቅ አጠገባችን እንዲቀመጥ ፈለግሁ። የፈለግሁት ይህን ብቻ ነበር።

ስለዚህ አባቴ የጻፈውን የአመዶን ገጽ ይዘን ስንሠራ፣ ጥርስ ሠሪውን «የዘንዶውን ሕይወት ትንሽ ቀንስበት» አልኩት።

«አልቀንስም።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። በታመመ ዘንዶ አላገባሽም፤ የረግረጉ እናት መታመሟ ይበቃኛል።»

«እሺ፣ ይሄስ?» አልኩ የገጹን ግርጌ እየጠቆምኩ። የወኔ ሕግ ነበር። በድሮው እትም ጭራቅ ግማሽ ሕይወቱ ሲያልቅ ተራኪው ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይወረውራል፤ ድምሩ ከወኔ ቁጥሩ ከበለጠ ጭራቁ ይሸሻል ወይም እጁን ይሰጣል። አዲሱ እትም ይህን ሕግ ጥሎታል። አመዶ ወኔው አስር ነው፤ ከአስራ ሁለት አስር! «አስር ወኔ ያለው ዘንዶ መቼ ይፈራና ነው? ዝም ብለህ ትለፋለህ።»

«ላይፈራ ይችላል። ግን የራሱ ነው» አለና ጻፈው።

ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩት። ግትር! ደግሞ ከአባቴ የባሰ ግትር።

ቅዳሜ ደረሰ። አባቴ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ዳይሱን የሚከልልበትን የድሮ ካርቶን በብብቱ ይዞ ሱቄ መጣ። መነጽሩን አድርጎ የተዞረውን አመዶ ማንበብ ጀመረ።

«እሳቱ?»

«አመዶ በቀረለት የሕይወት ነጥብ ልክ ያቃጥላል» አለ ጥርስ ሠሪው። «እንደ ድሮው።»

«አዲሱ እትም እንዲህ አይልም።»

«አይልም፤ አመዶ ግን እንዲህ ነው።»

አባቴ ከመነጽሩ በላይ አየው። «እሳቱን ካልነካህ ሌላውን አምኜሃለሁ» ብሎ ወረቀቱን አጠፈና ካርቶኑን አቆመ።

ወዲያው ድምፁ ተለወጠ። ያ ጡረታ የወጣ ሰውዬ ጠፋና ተራራ የሚያህል ነገር ከካርቶኑ ጀርባ ተነሳ። ፀጉር ቆራጩ በመጀመሪያው እሳት ሞተ። ነርሷ እሱን ላድን ስትል ጅራት አገኛት። ጥርስ ሠሪው ጋሻውን ፊቴ አቁሞ ለኔ የመጣውን እሳት ተቀበለልኝ።

«ሞኝ!» አልኩት። «ለምን?»

«አንቺ ዘንዶውን ትመቺዋለሽ፤ እኔ ብወረውር አልመታውም» አለና የጀግናውን ትንሽ ምስል ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ኩርፊያዬ እዚያው ጠፋ።

ብቻዬን ቀረሁ። በቀረችኝ ሕይወት እሳት ቀርቶ የክብሪት ጭስ አልችልም። ዳይሱን እፍ ብዬ ወረወርኩ፤ አመዶን አንገቱ ላይ አገኘሁት።

«ቆሰለ» አለ አባቴ። «አሁን ግን ደረቱን በአየር ሞላ…»

«ቆይ አባዬ! ግማሹ አለፈ ወይስ አላለፈም?»

ነጥቡን አየ። «አልፏል።»

«ወኔውን ፈትነዋ!»

«አመዶ አይፈራም!»

«ከግርጌው አንብብ። አስር ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ።»

ወረቀቱን ዘርግቶ ግርጌው ላይ ቆየ። ከዚያ ወደ ጥርስ ሠሪው ዞረ። «ይህን ሕግ ጥለውት የለም እንዴ? ለምን አስቀረኸው?»

«የርስዎ ዘንዶ ስለሆነ ነው ጋሼ። ይህን ብጥል ሌላ ዘንዶ ነበር የማመጣልዎ።»

አባቴ ሁለቱን ዳይስ በእጁ አሽቶ ከካርቶኑ ጀርባ ወረወረ። ሲንከባለሉ ሰማን። ሲቆሙም ሰማን። የወጣውን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። «ሰባት» ብሎ ቢያቃጥለኝ ማንም አያውቅበትም ነበር። የጥርስ ሠሪውን እጅ ከጠረጴዛው ሥር ያዝኩ።

አባቴ ካርቶኑን አነሳው።

ስድስት እና አምስት፤ አስራ አንድ።

«አመዶ…» አለና መነጽሩን አወለቀ። እንደገና ጀመረ። «አመዶ እሳቱን ዋጠ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ መሬት ላይ ተኛ። እጁን ሰጠ።»

ሱቁ በጩኸት ተናጋ! ፀጉር ቆራጩ ከሞት ተነስቶ ነርሷን አቀፈ። እኔ ጠረጴዛውን ዞሬ ሳልጨርስ ጥርስ ሠሪው ብድግ አድርጎ አነሳኝ፤ አባቴ ፊት መሆናችንን ያስታወስነው ከተሳሳምን በኋላ ነው።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ከመንገድ ማዶ ካለው ቤታቸው እየሮጠች ገባች። «ምንድነው? ሞተ?»

«አልሞተም» አለ አባቴ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ። «እነዚያ ጓደኞቼ ይህን አይተው ቢሆን! ሁሌ እንግደለው ስለሚሉ እኔ እኮ ወኔውን ፈትኜው አላውቅም።» ከዚያ ጥርስ ሠሪውን ወደ ራሱ ስቦ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ና እስቲ፣ ልጄ። ቤቴ ቤትህ ነው።»

ካርቶኑን አንስቶም እጁ ላይ አኖረለት።

«ከዛሬ ጀምሮ ተራኪው አንተ ነህ» አለው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዘንዶ ነበርኩ። እስቲ አንድ ቀን እንኳን ጀግና ልሁን።»

ከተጋባን በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛው አይታጠፍም። አባቴ በአዲሱ ሕግ ይጫወታል፤ እያጉረመረመ፣ ከሁላችን ቀድሞ እየመጣ። የጀግናው ፈረስ ያው እጁን የሰጠው አመዶ ነው። ዘንዶ ለፈረስ አይሆንም ብለን ብንከራከረው «ዘንዶው የኔ አይደል እንዴ?» ብሎ አፋችንን አስያዘን።