ለሴኒሳ የተዋሸ ውሸት

በስፔኗ ላ ማንቻ ገጠር የጥንቸል አደን በጥር መጨረሻ ያበቃል። ያን ሰሞን አንዳንዱ አዳኝ የሮጠለትን ውሻ ያስቀራል፤ ያልሮጠለትን መኪና ላይ ጭኖ ይወጣና ባዶውን ይመለሳል። የኖኤልያ አባት ኤውሴቢዮም እንደዚያው አደረገ።

«ሴኒሳስ?» አለችው ኖኤልያ፣ ቦቲውን ሲያወልቅ።

«ሄደች።»

«የት ሄደች?»

«ሾርባው ሳይቀዘቅዝ አቅርቢ።»

ኖኤልያ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ወጥ ቤቱም አባቷም እሷ ላይ ወድቀዋል። ሊያገባት የጠየቀ ሁሉ «እኔን ማን ሊጦረኝ?» ተብሎ ተሸኝቷል። በዚያ ቤት እሷን ሲያይ ደስ የሚለው ፍጥረት ያቺ አመድማ ውሻ፣ ሴኒሳ፣ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፎቶዋን በከተማው የውሻ መጠለያ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ስታይ፣ መክተፍ የጀመረችውን ሽንኩርት ጥላ አውቶቡስ ተሳፈረች።

መጠለያው ውስጥ ፌርሚን የሚባል ረጅም ወጣት ተቀበላት። ውሻዋ ገና ኖኤልያን ስታይ መላ አካሏ ተንቀጠቀጠ፤ እያላዘነች መጥታ ጭንቅላቷን የኖኤልያ ጭን ላይ ጣለች።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ የማንንም እጅ አልቀረበችም» አለ ተገርሞ። «ምን አድርገሻት ነው?»

«እንጃ። ሽንኩርት ሸትቻት ይሆናል።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። ኖኤልያ መሬት መሬት አየች።

ውሻ የሚወስድ ሰው በሚሞላው ቅጽ ላይ አራተኛው ጥያቄ «በቤቱ ውስጥ አዳኝ አለ?» ይላል። መጠለያው ለአዳኝ ቤት ውሻ አይሰጥም። «የለም» ብላ ጻፈች፤ አድራሻውን የአክስቷን የፓካን ቤት ሞላች። «አባትሽስ?» ሲላት «ሞቷል» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

በማግስቱ ፌርሚን ቤቱን ሊያይ መጣ። እነዚህ የአደን ውሾች ሲደነግጡ ግንብ ይዘላሉና የግቢውን አጥር በሜትር ለካ። ፓካ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ውሻ ልትሰጥ ነው ወይስ ቤት ልትገዛ፣ ልጄ?»

«ደንብ ነው፣ እትዬ።»

«ምሳ ሳትበላ አትሄድም። ይሄ ደግሞ የኔ ደንብ ነው።»

ሴኒሳ ፓካ ቤት ገባች። የመጠለያው ደንብ በወር አንዴ ጎብኝ ይላል። ፌርሚን በሳምንት ሁለቴ ይመጣ ጀመር። ሴኒሳን መሃል አድርገው በወይራው እርሻ ዳር ይሄዳሉ። ብዙ አያወሩም፤ አንዱ ሲያይ ሌላው ዓይኑን ይሰብራል።

«ውሻዋ ደህና ናት እኮ» አለችው አንድ ቀን። «ምን ልታይ ነው የምትመጣው?»

«ውሻዋን እንዳይመስልሽ።»

ልትመልስለት ፈለገች፤ አፏን ግን ውሸቷ ያዘው። ከእሱ በተለየች ቁጥር፣ ሞቷል ላለችው አባቷ ራት ልታቀርብ ትሮጣለች። ቤት ስትገባ እስረኛ፣ ስትወጣም እስረኛ ሆነች።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለቻት ፓካ። «ቀድመሽ ንገሪው።»

«ውሻዋን ይወስዳታል።»

«እሱስ?»

«እሱም ይሄዳል» አለችና አለቀሰች።

እሁድ ጠዋት ኖኤልያና ፌርሚን ከሴኒሳ ጋር ግቢ ውስጥ ሳሉ ኤውሴቢዮ ከእህቱ ከፓካ መሰላል ሊዋስ መጣ። ገና በሩ ላይ ሆኖ እንደ ልማዱ አፏጨ። ሴኒሳ መሬት ላይ ተለጥፋ ሽንቷን ለቀቀች።

«ይቺ የኔ ውሻ አይደለችም?» አለ። ቀጥሎ ፌርሚንን አየ። «አንተስ ከልጄ ጋር ምን ትሠራለህ?»

ፌርሚን ኖኤልያን አያት። ከዚያ ውሻዋን ተሸክሞ ወደ መኪናው ሄደ። ኖኤልያ ተከተለችው።

«ደንቡ ወደ መጠለያው መልሳት ይላል» አለ ሳይዞር። «ሞቷል ብለሽኝ ነበር፣ ኖኤልያ። ሌላስ ምን ዋሸሽኝ?»

«ስለ አባቴ ዋሸሁ፤ ስለ ቤቱም። ስለ አንተ ግን ዋሽቼ አላውቅም።»

«ስለ እኔማ መቼ ተናግረሽ ታውቂያለሽ!»

«እወድሃለሁ። ይኸው ተናገርኩ።»

«ኖኤልያ!» አባቷ ከበሩ ጮኸ። «እዚያ መኪና ውስጥ ከገባሽ ቤቴ እንዳትመለሺ!»

የመኪናውን በር እጀታ ይዛ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ ያ ድምፅ ሲጠራት ያልተመለሰችበት ቀን የለም። ሸሚዙን፣ መድኃኒቱን፣ ብቻውን የሚቀመጥበትን ገበታ አሰበች። አባቷን ትወደው ነበር፤ የጨነቃትም ይሄው ነው።

«ምስሩ ምድጃው ላይ ነው፣ አባዬ» አለች እንባዋ እየወረደ። «ጨው ብቻ ጨምርበት።»

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ፌርሚን ከመሪው ኋላ ተቀመጠ።

«ውሻዋን አዳኝ ለሌለበት ቤት እንሰጣለን» አለ ሞተሩን እያስነሳ። «የኔ ቤት አዳኝ የለበትም። ሰው ራሱ የለበትም።»

ሴኒሳ በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ኖኤልያ በየፋሲካው የአባቷን በር አንኳኩታለች፤ አንዴም አልከፈተላትም። ሴኒሳ በመጋቢት አርጅታ ሞተች፤ ሁለቱ ከግቢያቸው የለውዝ ዛፍ ሥር ቀበሯትና ምሳ ሳይበሉ አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ።

ውሻዋ ዘጠኝ ዓመት መሃላቸው ነበር የተኛችው። አሁንም ሳያስቡት እሷ በግድግዳው በኩል ጠርዝ፣ እሱ በመስኮቱ በኩል ጠርዝ ላይ ተኝተዋል። መሃሉ ባዶ ነው።

«ልጠጋ?» አለ ፌርሚን።

«ቦታዋን ልትይዝባት?»

ኖኤልያ ክንዷን ወደ ባዶው መሃል ዘረጋች።

«እጅህን ብቻ አምጣው» አለችው።