በግድግዳው ላይ ያለው ሁለተኛ ሰዓት

«ቀሚስዎ አልደረሰም፤ ማክሰኞ ይመለሱ» አላት የልብስ ሰፊው ሸሪክ፣ የስፌት ቤቱን በር በትከሻው ደግፎ።

«ቀሚስ አላሰፋሁም።»

«ሱሪም ከሆነ ማክሰኞ ነው።»

«የመጣሁት ለሬሳው ነው» አለች ሴትየዋ መታወቂያዋን እያሳየችው። «እሱም ማክሰኞ ካልሆነ።»

ሸሪኩ ፊቱ አመድ መሰለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለመጣው ሁሉ «ማክሰኞ» ሲል የኖረ አፍ፣ ባልንጀራው በሞተበት ቀንም ሳይታዘዝ ተናገረ። መርማሪዋ ግን አልተቀየመችም። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ሁሉን ታሳልፍና የምትፈልገው ብቻ ይቀርላታል።

ልብስ ሰፊው ወደ መጋዘኑ በሚያወጣው የእንጨት ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። አንድ ሰው የገበር ጨርቅ አልብሶታል። ሜትሩ ገና አንገቱ ላይ ነው። የጨበጠውን ቀኝ እጁን ስትከፍት ከአንድ ልብስ የተቀደደ የውስጥ ኪስ አገኘች፤ ግርጌው በቀይ ድርብ ክር ተዘግቷል። የገንዘብ መሳቢያው አልተነካም። በትእዛዝ ደብተሩ ላይ የዛሬ ጠዋት መስመር «ካፖርት፤ እጅጌ ማሳጠር» ይላል፤ መስቀያው ላይ ግን ካፖርት የሚባል ነገር የለም።

ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ሁለት ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ ከአንዱ ሥር «እኛ»፣ ከሌላው ሥር «ልጄ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «ልጄ» የሚለው በሁለት ሰዓት ወደኋላ ነው።

«ይሄኛው ምንድን ነው?»

«ሴት ልጁ ያለችበት አገር ሰዓት ነዋ! ኢኮኖሚክስና ፋይናንስ ነው የምታጠናው፤ ሦስተኛ ዓመቷን ከዩኒቨርሲቲው ውጭ አገር ተልካ ነው። ይህን ሳይሰማ ከዚህ የወጣ ደንበኛ የለም። መጀመሪያ ልብሱን በስፒል ይሰካካባቸዋል፤ ከዚያ ወሬውን ይጀምራል። ስፒል የተሰካበት ሰው ወዴት ይሮጣል?»

«ቀዩ ድርብ ክርስ?»

«እሱን ለሚስቱና ለልጁ ብቻ ነው የሚሰፋው። እኔ ሃያ ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ቀን እንኳ አልሰፋልኝም።»

«ተቀይመውታል?»

«ቅያሜስ ነበረኝ። ግን በኪስ ምክንያት ሰው አይገደልም። ለምሳ ዘግተን ስንወጣ ‹ሥራ አለኝ› ብሎ ቀረ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

ሚስትየዋ በልብስ መለኪያው ዱካ ላይ ተቀምጣለች። የቀሚሷ ኪስ ደህና ነው። የተቀደደውን ስታይ በእጇ ዳሰሰችው።

«ይሄማ የልጄ ካፖርት ነው። ለብርዱ አገር ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋበት። ግን እኮ ካፖርቱ እዚያው እሷ ጋ ነው ያለው!»

«ትደውላለች?»

«እሁድ እሁድ፣ በኢንተርኔት። ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ ምስል አይመጣም። አባቷ መጀመሪያ የሚጠይቃት ‹እዚያ ስንት ሰዓት ነው?› ብሎ ነው። ከግድግዳው ጋር ያስተያያል። አንድ ደቂቃ ዝንፍ ብሎ አያውቅም።»

«ባለፈው እሁድም?»

«ባለፈው እሁድም።»

በሩ አጠገብ የቆመው የሚስትየዋ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁን ልጅቷን አታስጨንቋት፤ ፈተና ላይ ናት።»

«እርስዎ በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቤቴ… ጋደም ብዬ» አለ፣ ለጫማው የሚናገር ይመስል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪዋ ሦስቱንም በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየዋ ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ደወለች። ልጅቷ ገና ምንም ሳይነገራት እያለቀሰች ነበር።

«ልጄ» አለች መርማሪዋ፣ «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰባት… ሰባት ተኩል።»

ሁሉም ወደ ግድግዳው አዩ። ልክ ሰባት ተኩል። ስልኩ ተዘጋ።

«መሳቢያውን ትቶ ያገለገለ ካፖርት የሚወስድ ሌባ የለም» አለች መርማሪዋ። «ካፖርቱን ላመጣችው ደንበኛ ደውዬ ጠየቅኋት፤ ከልባሽ ተራ የገዛችው ነው። አባትየው እጅጌውን ሊያሳጥር ሲገለብጠው የገዛ ክሩን አየ።»

«ልጅቷ እዚያው ሸጣው ዞሮ መጥቶ ቢሆንስ?» አለ ሸሪኩ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፣ ሰዓቷን እስክሰማ። እህቴ የምትኖረው እዚያው አገር ነው። ብርዱ ሲያልፍ ሁሉም ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ። ይኸው ከሦስት ሳምንት ወዲህ ያለ ሰዓቷ እየደወለች እንቅልፍ ነስታኛለች። አሁን ልዩነታችን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እዚያ የሚማር ሰው ይህን ካላወቀ አንድም ክፍል በሰዓቱ አይደርስም። ልጅቷ ግን ዛሬም የምታነበው የአባቷን ግድግዳ ነው።»

ከዚያ ወደ አጎትየው ዞረች። «ከሦስታችሁ እንዳይደወልላት የፈለጉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አጎትየው አንገቱን ደፋ። «የሁለተኛ ዓመት ስታቲስቲክስ ወድቃ ነው። የወደቀ ደግሞ አይላክም። ሰፈሩ ሁሉ መርቆ ከሸኛት በኋላ ‹ቀረሁ› ማለት አቃታት። መናኸሪያው ጀርባ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ካፖርቱንም ሲቸግራት ሸጠችው። አንድ ቀን አየኋት፤ አስማለችኝ። ዛሬ አባቷ ካፖርቱን ይዞ ሲያፋጥጠኝ አመንኩ። ‹በምሳ ሰዓት ጥራልኝ› አለኝ፤ ጠራኋት።»

«አሁንም ይጥሯት።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣች፣ ካፖርቱን ክንዷ ላይ አጥፋ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት የምትመርጥ ትመስላለች። በመስታወቱ በር ላይ ጎረቤቱ ተደርድሯል።

«አልገፋሁትም» አለች። «በሩን ሰው ሲያንኳኳ መጋዘኑ ውስጥ ልደበቅ ደረጃውን ወጣሁ። አባዬ ካፖርቱን ይዞ ተከተለኝ። ‹ውረጂ ልጄ፤ ልበሺውና አብረን ቤታችን እንሂድ› አለኝ። አልተቆጣኝም እኮ! መንገዱ በሰው ሞልቷል፤ እንዴት ልውጣ? ካፖርቱን ነጠቅኩት። ኪሱ እጁ ላይ ቀረ። ወደቀ።»

«ሬሳውን ያየው ሐኪም ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተንፍሷል ይላል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ለምን አልጮኽሽም?»

«ብጮህ ሰው ይመጣል።»

ሸሪኩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለቱ ሰዓቶች በየፊናቸው ይቆጥራሉ።

ልጅቷ ወደ እናቷ አንድ እርምጃ ጠጋ አለች። «እማዬ፣ ሰው ፊት እንዴት ልቁም ብዬ እኮ ነው።»

እናትየዋ በመስታወቱ ላይ የተደረደሩትን ፊቶች አንድ በአንድ አየች።

«አሁን ቆመሻል።»