ሦስተኛው ጥሪ

እኔ የጂንና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ ሳህን ማጠብ የምጀምር ሰው ነኝ፣ ሳቄ እንዳይታይብኝ ብዬ ነው፣ ባለቤቴም «አንቺ ደረቅ ነሽ» ይለኛል፣ እና አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ሳህኑን ጨርሼ ድስቱን እፈትግ ነበር። ግን የደረሰው በእኔ ነው፣ ያውም በቀን፣ ሰው በሚተራመስበት ሳን ፍራንሲስኮ መሀል።

ቫይበር በወጣበት ሰሞን ነው፣ አማቴ እማማ ዘሀራ ከኮምቦልቻ ሊጠይቁን መጥተው ዩኒየን ሲቲ እኛ ቤት ከረሙ። ሊመለሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ለልጅ ልጆች ጫማ፣ ለጎረቤት ሻሽ እንገዛለን ብለን በባርት ባቡር ከተማ ወጣን፣ ዕቃው ግን ሰበብ ነው፣ እሳቸው ማየት የፈለጉት ወደቡን ነበር። ትንሹ ልጃቸው ሰይድ፣ የባለቤቴ ታናሽ፣ ከዓመታት በፊት ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን ተነስቶ የገባበት ጠፍቷል። ዘመድ ሁሉ «ሞቷል፣ እርምዎን ያውጡ» ቢላቸው እምቢ አሉ፣ «ሬሳውን ያየ የለ፣ አንዱ ወደብ ላይ ይሆናል» እያሉ ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ ሰደቃ ሳያወጡለት ኖሩ።

ገበያው ላይ ስንስቅ ነው የዋልነው። ማርኬት ስትሪት አንድ ትልቅ ሱቅ ገብተን ሻሽ አነሱና ሻጯን በአማርኛ «ቀንሺልኝ እንጂ የኔ ልጅ» አሏት። «እማ፣ እዚህ ፊክስድ ፕራይስ ነው፣ አይቀንሱም» ስላቸው «መቼ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?» ብለው ንቅንቅ አልል አሉ፣ ልጅቷም ምን እንደገባት እንጃ ከመሳቢያዋ ኩፖን አውጥታ ቀነሰችላቸው። መንገዱን ሁሉ ሲያሾፉብኝ ሄዱ።

እንዲያ እንዳለን ፌሪ ቢልዲንግ ደረስን፣ ሰዓት የተሰቀለበት ረጅም ግንብ ያለው የድሮው ወደብ ነው። ጉሙ ከባሕሩ መግባት ጀምሯል፣ የመርከብ ጡሩምባ ይሰማል፣ የአሮጌው ትራም ደወል፣ የወፎቹ ጩኸት። እሳቸው የብረት አጥሩን ይዘው ውሃውን ያያሉ፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ ማታ ኦክላንድ ሥራ ነበረኝ።

ድንገት ቀና ብለው «ሰማሽ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ጠራኝ።»

እመኑኝ፣ እኔ የወፍ ጩኸት እንጂ ሌላ አልሰማሁም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን በውሃው በኩል፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ የወንድ ድምፅ «እታለም!» ብሎ ሲጣራ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። በዚህ ስም የሚጠራቸው ሰይድ ብቻ ነበር፣ ባለቤቴ እንኳ እማ ነው የሚላቸው። ዞሬ ባይ ፎቶ የሚነሱ ቱሪስቶች ናቸው፣ ወደ እኛ የዞረ አንድም ሰው የለም። 

እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና «ዝም በይ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጂን ሁለቴ እንጂ ሦስቴ አይጣራም። ሦስተኛ ከጠራኝ ልጄ ነው፣ ያኔ አቤት እላለሁ።»

ቆመው ጠበቁ። ፊታቸውን ብታዩት፣ በር ሲንኳኳ ለመክፈት የተነሳች እናት ነበሩ። እኔ ግን ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም፣ ፈራሁ። «እማ፣ ወፍ ነው እኮ፣ ባቡሩ ያመልጠናል፣ ሥራዬ ይረፍድብኛል» ብዬ በክንዳቸው እየጎተትኩ ወደ ባርት ጣቢያው ወሰድኳቸው።

የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ያስፈራቸዋል፣ ዓይናቸውን እግራቸው ላይ ተክለው «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያሉ ነው የሚወርዱት፣ ደረጃውም ሲንቋቋ ጆሮ ያደነቁራል። ያኔ ነው ከበላያችን፣ ከደረጃው አፍ፣ «እታለም» ያለው። ቅርብ ነበር፣ ሮጦ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር፣ ትንፋሹ ሁሉ ይሰማኛል። አልዞርኩም። ወላሂ አልዞርኩም።

ባቡሩ ከባሕሩ ሥር ሲገባ «ከድጄ፣ ጆሮሽ ከኔ ይሻላል፣ ሦስተኛውን ሰምተሻል?» አሉኝ። አዎ ብል በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደው ይመለሳሉ፣ እኔም አብሬ ተመልሼ እዚያ የቆመው ምን እንደሆነ ማየት ሊኖርብኝ ነው።

«አልሰማሁም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ እማ።»

«እንግዲያ ጂን ነው» አሉ፣ ሻሻቸውንም ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ።

ኮምቦልቻ እንደገቡ ድንኳን አስጥለው ለሰይድ ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሰደቃውን አወጡ። ባለቤቴ በስልክ ሲሰማ አለቀሰ፣ ከዚያ «አልሐምዱሊላህ፣ የእናቴ ልብ አረፈ» አለኝ።

ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ጂን ከሆነ ሦስቴ ለምን ተጣራ፣ ሰው ከሆነ ደግሞ እናቱን ከእጁ የነጠቅኩት፣ ከነነፍሱም ያስቀበርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ብቻዬን ሄጄ አጥሩ ጋ ቆሜ ጠብቄያለሁ፣ ሲመሽብኝ ተመለስኩ፣ የጠራኝም የለ። እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ስልክ ያነሳሁበትን ጊዜ አልቆጥረውም፣ ግን እርማቸውን ላወጡ እናት ምን ብዬ እጀምራለሁ፣ እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

ባለፈው ጁምዓ ራሳቸው ደወሉ። ጤናዬን፣ ልጆቹን ጠይቀው ሲያበቁ «አንቺ እውነቱን ባትነግሪኝ ስጠብቅ እሞት ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «አላህ እንደ ልብሽ ይስጥሽ።»

«አሚን» አልኩ።