የስዩም ታኮ

እኔ የብሎንና የመፍቻ ሰው ነኝ፣ ጎፋ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ስሠራ የኖርኩ፣ የሚንኳኳ ነገር ሁሉ ወይ ላልቷል ወይ ተሰብሯል ብዬ የማምን፣ ስለ መንፈስ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ወሬውን ሳላስጨርስ ተነስቼ የምሄድ ባለጌ። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ለማን እንደምነግረው ጠፍቶኝ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ስዩም አንዲት አሮጌ ቮልስ ነበረችው፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ቁጥሩን ሁሉ ጨርሶ እንደገና ከዜሮ የጀመረ፣ ማስነሻ ሞተሪኖዋ የተቃጠለ። መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሁልጊዜ ዳገት ላይ ያቆማትና ሲፈልጋት ቁልቁል ለቅቆ በማርሽ ያስነሳታል። የእጅ ፍሬኗ ስለማይታመን ደግሞ እንዳትንሸራተት ጎማዋ ሥር ታኮ ያደርግባታል። ታኮውን የሠራሁለት እኔ ነኝ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ከግንበኞች የለመንኩትን ሲሚንቶ በወተት ጣሳ ሞልቼ፣ የብረት እጀታ ተክዬበት፣ ሳይደርቅ በሚስማር «ስዩም» ብዬ ጽፌበት። የቮልስ ዕቃ መጫኛ ከፊት አይደል፣ ሲንቀሳቀስ ታኮውን እዚያ ይጥለዋል፣ ከዚያ በየጉድጓዱ ድው፣ ድው እያለ ነው የሚሄደው፣ እናቴም መምጣቱን የምታውቀው በዚያ ድምፅ ነበር።

በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ቀን እንደወጣ ቀረ። መኪናዋ ከሦስት ቀን በኋላ መካኒሳ ድልድይ አጠገብ በሯ ተከፍቶ ተገኘች፣ ታኮው ግን ውስጧ አልነበረም። የት እንደያዙት፣ የት እንዳደረሱት የነገረን የለም። የልብ ጓደኛው መካኒኩ ጋሼ ግርማ «ያን ቀን እኔ ጋ አልመጣም» ብሎ ከእናቴ ጋር ተላቀሰ፣ ከዚያም ስምንት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ እየመጣ እሷን ሲያጽናና፣ እኔን ሙያ ሲያስተምረኝ ኖረ። እንደ ወንድሜ ነበር የምወደው። ቤቱ ላፍቶ ዳገት ላይ መሆኑን እሰማለሁ እንጂ አንድ ቀን «ና» ብሎኝ አያውቅም፣ ይኼ ለምን እንዳልከነከነኝ እስከ ዛሬ ራሴን እረግማለሁ።

ቮልሷን ላስነሳት ባልኩ ቁጥር «ተዋት ብርሃኑ፣ ሞታለች፣ ለቁራጭ ብረት ሽጣት» ይለኛል። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ካርቡራተሯን አጠብኩ፣ ካንዴላዎቿን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ የፍሬኗን ላስቲኮች ከሌላ መኪና ፈትቼ ገጠምኩላት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ገፍቶልኝ ጭሷን እየተፋች ተነሳች። ጋሼ ግርማ እናቴን ሊጠይቅ መጥቶ ስለነበር እጁን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኩት፣ በኩፖን ያገኘኋትን ቤንዚን ይዘን ወደ መካኒሳ ወረድን።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ከፊት ድው አለ።

«ምን ጭነህባታል?» አለኝ።

«ምንም።»

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ዝገትና አቧራ ብቻ ነው። ከሥሯ ተኝቼ የላላ ብሎን ፈለግኩ፣ አንድም የለም። ተነሳን፣ ድው። ኩርባው ላይ፣ ድው። ያ ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፣ ግን ለጋሼ ግርማ አልነገርኩትም፣ እሱ ራሱ ፊቱ አመድ መስሎ ሁለት እግሩን ከወለሉ አንስቶ ነበር።

«እንመለስ» አለ።

«የላፍቶን ዳገት ትውጣና።»

«ብርሃኑ፣ በእናትህ እንመለስ!»

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ወደ ኋላ ተንሸራተተች፣ ፍሬኑን ብረግጠው እስከ ወለሉ ወረደ፣ በቃ አለቀልን ስል ቀጥ ብላ ቆመች፣ ጎማዋ አንዳች ነገር ላይ እንዳረፈ ሁሉ። ወርጄ ጎማውን በእጄ ዳሰስኩ፣ አፈር ብቻ ነው። ማርሹን አውጥቼ ገፋኋት፣ አልነቃነቅ አለች።

አጠገባችን ያለ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ተከፈተ፣ አይቻት የማላውቅ ሴት ብቅ አለች። «ግርማ! ምነው፣ በሰላም ነው?» አለች፣ ለካ የቆምነው የራሱ ቤት ደጅ ነው፤ መኪናዋን ወደ ግቢ የምናስገባ መስሏት በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ እንዳይዘጋ በእግሯ አንድ ነገር አስጠጋችበት። የብረት እጀታውን አየሁት። ተንበርክኬ አቧራውን ጠረግኩት፣ የልጅነት የእጅ ጽሑፌ ነው፣ «ስዩም»።

«እትዬ፣ ይኼ ከየት መጣ?»

«እሱማ ስንት ዓመቱ! አንድ ጠዋት በራችን ላይ ተትቶ አግኝተነው ነው።»

ዞሬ ጋሼ ግርማን አየሁት።

«እኔ አልጠራኋቸውም» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ስዩምን የያዙትን ሰዎች ማለቱ ነው፤ ያን ቀን ስዩም እዚህ በር ድረስ መጥቶ ነበር። ታኮውን አንስቼ ኮፈኑ ውስጥ ሳስቀምጥ መኪናዋ በራሷ ቁልቁል መሄድ ጀመረች፣ ሮጬ ገባሁና በማርሽ አስነሳኋት፣ እሱን እዚያው በሩ ላይ ጥዬው ሄድኩ። ከወንድሜ መጥፋት ይልቅ ያንገበገበኝ እናቴ በየበዓሉ ትከሻው ላይ ያፈሰሰችው እንባ ነው፣ መንገዱን ሁሉ በንዴት እያለቀስኩ ነዳሁ። አሁን ደግሞ እውነተኛው ታኮ ከፊቴ አለ፣ ያ ሁሉ ክብደቱ፣ ግን ጉድጓዱን ሁሉ ስዘል አንድም ድምፅ አላሰማም።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ከሩቅ ሰማሁት እኮ፣ የስዩም ታኮ ተገኘ?»

«አልተገኘም» አልኳት፣ ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት፣ ልክ እንደ ግርማ።

ኮፈኑን በመዳፏ ዳበስ አደረገች። «እንግዲያው ግርማን ለፋሲካ እንዳይቀር በለው» አለችኝ።