በስተቀኝ ባዶ የቀረው ወንበር

ኃይለመስቀል የሞተው አገር ጠግቦ በዋለበት ቀን ነው። በ1957 ዓ.ም. የዳግማ ትንሣኤ እሑድ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የሱፍ ኩባንያው ለሠራተኞቹና ከአዲስ አበባ ለመጡ አለቆቹ ግብዣ ደግሶ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፍ ተቀብሎ መጋዘን የገባ ሠራተኛ ከሱፍ ክምር ሥር አንድ እግር አየ። ሦስት ጆንያ ሲነሣ ሚዛን ያዡ ኃይለመስቀል ተገኘ። ከግራ ጆሮው በላይ ተፈንክቷል፤ የሚዛኑ ባለ አምስት ኪሎ ብረት አጠገቡ ወድቋል። ሁለት እጆቹ ሱፍ ጨብጠው ነበር።

መርማሪው የመቶ አለቃ ወዳጆ ሞላሌ ላይ የበግ ሌቦች ሲያሳድድ መልእክት ደርሶት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ በበቅሎ ገባ። ቀጭንና ብርድ የማይወድ ሰው ነው፤ ሰው ሲያናግር ዓይኑ ከእጅ ላይ አይነቀልም። «ሰው ውሸት ያስተማረው አፉን እንጂ እጁን አይደለም» ይላል። እሱ እስኪደርስ የወረዳው ፖሊስ ሥራውን ጨርሶ ጠብቆታል። የመጋዘኑ ዘበኛ ዳኜ በሰንሰለት ታስሯል፤ ሚስቱ ተሾመች ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

«እኔ ስደርስ ገና አልደረቀም ነበር» አለ ሬሳውን ያየው የጤና ጣቢያው ድሬሰር። «ጣቶቹ ይታጠፋሉ። የሞተው ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው፤ ቢቀድም ስምንት ተኩል።»

«ሱፉ አሙቆት እንዳይሆን?»

«ሱፍ ሙቀት ያቆያል፤ የሚደርቅ ሬሳ ግን ሙቀት ውስጥ እንዲያውም ቶሎ ይደርቃል። በዚህ ሰዓት ላይ እጄን እመታለሁ፣ መቶ አለቃ።»

ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰው ሁሉ ዳስ ውስጥ፣ ለዓይን ሳይሰወር ውሏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘን የገባው ዳኜ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከፋሲካ በፊት «በር ላይ ተኝተህ አገኘሁህ»፣ «አላገኘኸኝም» በሚል ከሟቹ ጋር ተጣልቷል። ለገመድ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ወዳጆ እስረኛው አጠገብ ተቀመጠ።

«ለምን ገባህ?»

«አቶ ዓምደ ሚካኤል ቁልፉን በእጃቸው ሰጡኝ፣ ጌታዬ። "ነፋሱ በረታ፤ ለእንግዶቹ ብርድ ልብስ አምጣ" አሉኝ። ከበሩ አጠገብ አምስት አንሥቼ ወጣሁ።»

«ምንም አልሰማህም?»

ዳኜ አንገቱን ደፋ። «ከወደ ጥግ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። አይጥ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ጠዋትስ የት ነበርክ?»

«መንገድ ላይ ነኛ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት አውቶብሱ ሞላሌ ላይ ቀረ። ቅዳሜ ሄጄ አድሬ፣ ፎቶ አንሺውን በበቅሎ ጭኜ የገባሁት እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።»

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ዓምደ ሚካኤል ወዳጆን የተቀበሉት በወግ ነው። ኃይለመስቀል የሚስታቸው የወይዘሮ የትምወርቅ የጡት ልጅ ነበር። እናቱ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ወይዘሮዋ ሽማግሌ አስቀምጠው፣ በመሐላ ልጄ ብለው፣ እንደ ወጉ ጡታቸውን ማር ቀብተው አጥብተውታል። ከአብራካቸው የወጣ ልጅ የላቸውም።

«እኔስ እንደ ልጄ አልነበር?» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል። እጃቸው የበርኖሳቸውን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል።

«የመጋዘኑ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ በሟች ኪስ ተገኝቷል፤ አንዱ ከእኔ አይለይም።»

«ታዲያ ለዳኜ ሰጡት?»

«ዘበኛ አይደል እንዴ? ማንን ልላክ?»

ወዳጆ ዞር ብሎ ዳሱን አየ። አምስቱ ብርድ ልብሶች እንደታጠፉ አግዳሚው ላይ ተቆልለዋል። ያልተፈለገ ነገር ለማምጣት ሰው ይላካል ወይ ብሎ አሰበ።

ፎቶ አንሺው አስፋው የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ከተማውን ሳይለቅ እንዲቆይ ታዟል። ካሜራውን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

«የቀጠረህ ማነው?»

«በወጉ ኩባንያው ነው። ደብዳቤውን ያስጻፉት ግን እትዬ የትምወርቅ ናቸው። ከአለቆቹ የአንዱ የወንድም ልጅ በትንሽ ካሜራ ላንሣ ብሎ ነበር አሉ፤ እሳቸው "ሙያተኛ ይምጣ" ብለው ባላቸውን አስጨንቀው ነው።» ደብዳቤውን ከኪሱ አወጣ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ለእኔም ከጡት ልጄ ጋር አንዲት ፎቶ አንሣኝ። አዲስ እጀ ጠባብ ይለብሳል፤ በቀኜም ይቀመጣል።»

ወዳጆ ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት። አቶ ዓምደ ሚካኤል የሚኖሩበትና የሚያርሱት ርስት የሚስታቸው አባት ርስት ነው። እዚህ አገር እንግዳና ካህን ባለበት ልጄ ነው ብሎ በቀኝ አስቀምጦ ፎቶ መነሣት፣ ያውም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ፣ ከኑዛዜ አይተናነስም።

«ታዲያ ልጁ ሲቀር ምን አሉ?»

«የገረመኝ እሱ ነው። ሌላው ሰው "ኃይሌ የት ሄደ? ይጠበቅ" ይላል። ለእሱ ብለው የጠሩኝ ሴትዮ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቁ። "ልጅዎስ፣ እትዬ?" ስላቸው "አይመጣም" አሉኝ።»

«ፎቶውን ስንት ሰዓት ላይ አነሣህ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ መጋዘኑ ከኋላ ሆኖ። ፀሐዩ ዓይናቸውን እያስጨፈነ አስቸገረኝ።»

«ነፋስስ?»

«የምን ነፋስ? እስኪመሽ እዚያ ነበርኩ፣ የነጠላ ጫፍ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ቢንቀሳቀስ ፎቶዬ ይደበዝዝ ነበር።»

«ስንት ጊዜ አነሣህ?»

«ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ተበላሸ። እትዬ የትምወርቅን ከነጠላው በላይ የደረቡትን በርኖስ አስወልቄ አነሣኋቸውና ኋላ ልብ ብል ነጠላውን አዘቅዝቀውታል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገታቸው ሥር ነው። "እትዬ፣ በደስታ ቀን እንዲህ ይለበሳል?" ብዬ ቀለድኩ። ክው አሉ። አስተካክለው፣ ፈገግ ብለው ሁለተኛውን ተነሡ።»

«የተበላሸውን አሳየኝ።»

«እሱማ ይጣላል እንጂ ይታጠባል እንዴ?»

«እጠበው» አለ ወዳጆ።

ማክሰኞ የኃይለመስቀል ሣልስት ነበር። የግብዣው ዳስ ሳይፈርስ የልቅሶ ዳስ ሆነ። ካህናቱ ከፍትሐት ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሠራተኞቹ ግድግዳ ግድግዳውን ያዙ። ዳኜ በሰንሰለቱ መጣ፤ ተሾመች ከኋላው ቆመች። ወይዘሮ የትምወርቅ መሬት ላይ ነበሩ፤ ነጠላቸው አሁን በይፋ ተዘቅዝቋል።

ወዳጆ ጠዋት ከእንቅልፉ የነቃው የነገሩን መቋጫ ይዞ ነው። ደስ አላለውም። ከሚናገረው ሁሉ አንዱን ዘሎ ማለፍ ይችል እንደሆነ ሲያሰላስል ረፈደ። ያንን ቢዘል ዳኜ ይሰቀላል። ባይዘል ደግሞ መሬት ላይ የተቀመጡት ሴት ይሰሙታል።

«እትዬ፣ ለጥቂት ጊዜ ወደ ቤት ቢገቡ» አለ።

«የልጄን አሟሟት እኔ ካልሰማሁ ማን ይስማው?» አሉ።

ወዳጆ ተነፈሰ፤ ቆሞ ጀመረ።

«ይህን ፎቶ አንሺ ያስጠሩት እትዬ የትምወርቅ ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ለመነሣት። ልጁ ሲቀር አገር ሁሉ ጠየቀ፤ እሳቸው ግን ዝም አሉ። የሚጠበቅ ሰው ሲቀር የማይጠይቅ፣ እንደማይመጣ ያወቀ ነው።» ፎቶውን አወጣ። «ሰባት ሰዓት ላይ የተነሣ ነው። ጥለቱን እዩት። ሬሳው የተገኘው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት አራት ሰዓት ሙሉ ለማን ነው የተዘቀዘቀው?»

ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በፊት መደዳ አለቆቹ ፀሐይ እየሸሹ ዓይናቸውን አጥብበዋል፤ አቶ ዓምደ ሚካኤል ደረታቸውን ነፍተዋል። ከወይዘሮዋ በስተቀኝ አንድ ወንበር ባዶ ነው፤ እጃቸው ወንበሩ ላይ አርፏል። አንዱ ቄስ አማትበው ፎቶውን አሳለፉት።

«ማን ነገራቸው? የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ከሟች ጋር ውስጥ ተቆልፎበታል። ውጭ የቀረው በአንድ ሰው ኪስ ነው። ያ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ነፋስ በረታ ብሎ፣ ማንም ላልጠየቀው ብርድ ልብስ ዳኜን ላከው። የፈለገው ብርድ ልብስ አይደለም፤ መጋዘን ገባ ተብሎ የሚጠረጠር ሌላ ሰው ነው።»

«የሴት ነጠላ ምስክር ሆኖ ያውቃል?» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል። እጃቸው የበርኖሳቸውን ቁልፍ ፈታ፣ ቆለፈ።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞረው። «እኔ ነኝ ያልጮኽኩት። ሦስት ሰዓት ላይ አዲሱን እጀ ጠባብ ይዤለት ሄድኩ። እርስዎ በሩን ሲቆልፉ ደረስኩ። "በቀኝሽ የሚቀመጥ የለም፤ ሞቷል። ከጮኽሽ እኔም እሰቀላለሁ፣ አንቺም ባዶ ቤት ትቀሪያለሽ" አሉኝ። ልጅም ባልም በአንድ ቀን ማጣት ፈራሁ። እንግዳ አስተናገድኩ። ነጠላውን መቼ እንዳዘቀዘቅኩት አላውቅም፤ እጄ ነው ያደረገው።»

«ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቶ ነው!» ብለው ተነሡ ባልየው። «ድሬሰሩ ይናገር! የሞተው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ዘጠኝ ሰዓት! ያን ጊዜ እኔ እዚህ፣ በእንግዳ መካከል አልነበርኩም?»

ድሬሰሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ አረጋገጠ። ተሾመች ፊቷን ሸፈነች። ወዳጆ ሲሸሸው የነበረው ነገር ደረሰ፤ ሰውየው ራሱን ያዳነ መስሎት በእጁ ጎትቶ አመጣው።

«ድሬሰሩ ልክ ነው» አለ ወዳጆ፤ ወይዘሮዋን ሳያይ። «ሦስት ሰዓት ላይ ተመታ፤ ደሙ ከሥር ባለው ሱፍ ላይ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። የሞተው ግን ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። የሞተ ሰው ሱፍ አይጨብጥም። የተጫነበትን ጆንያ ከሥር ሆኖ ቀዶ፣ ሱፉን እየነጨ ሲያወጣ ነበር። ዳኜ ስድስት ሰዓት ድረስ ከፎቶ አንሺው ጋር መንገድ ላይ ነው። የመታው ዳኜ አይደለም።»

አቶ ዓምደ ሚካኤል ተቀመጡ። «ሞቶ ነበር» አሉ፤ «አይተነፍስም ነበር። በቀኝ አትቀመጥ አልኩት እንጂ…» ሳይጨርሱ ፖሊሶቹ ያዟቸው።

«ሰባት ሰዓት ላይስ?» አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ።

ወዳጆ ወደ ፖሊሶቹ ዞረ።

«ፎቶ ስንነሣ፣ መቶ አለቃ?»

«በሕይወት ነበረ፣ እትዬ።»

አላለቀሱም። ዞር ብለው መጋዘኑን አዩ። «ሠላሳ እርምጃ አይሞላም» አሉ።

ሰንሰለቱ ከዳኜ እጅ ወደ ጌታው እጅ ዞረ። ተሾመች እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ያለችበትን አስታውሳ ዘጋችው። ዳኜ ግን ነጻ ነህ ሲሉት ከተቀመጠበት አልተነሣም። «አይጥ መስሎኝ» ይላል፤ «አይጥ መስሎኝ ነው።» ከዚያ በኋላም መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ለሚያገኘው ሁሉ፣ ሳይጠይቁት፣ ይህንኑ ይናገር ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጠርቶ ለማን እንደሚሞቅ ግን የነገረን የለም።

ወዳጆ በቅሎውን ሲያስጭን ወይዘሮ የትምወርቅ መጡ። አስፋው ለኩባንያው የታዘዘውን አሥራ ሁለት ፎቶ ይዞ ቆሟል፤ ሁሉም የሁለተኛው ቅጂ ናቸው፤ ጥለቱ ወደ ታች ነው፤ እሳቸውም ፈገግ ብለዋል። ጥርስ ባዳ ነው።

«አንዱን ይውሰዱ፣ እትዬ» አለ አስፋው፤ «ለማስታወሻ።»

«እሱን አልፈልግም። የተበላሸውን ስጡኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?» አለ ወዳጆ።

ከወዳጆ እጅ ፎቶውን ተቀብለው ጣታቸውን አኖሩበት፤ ከባዶው ወንበር ኋላ በምትታየው የመጋዘን በር ላይ። «ከልጄ ጋር የተነሣሁት ይህን ብቻ ነው» አሉ። «እኔም አለሁ፤ እሱም አለ።»

ሁለተኛው ፎቶም ትንሽ ቆይቶ፣ ልጁ ገና በሕይወት ሳለ ነው የተነሣው። ወዳጆ ይህን ሊናገር አልደፈረም። የያዙት ፎቶ ግን የፍርድ ቤት ማስረጃ ነው፤ ያለ እሱ ዳኜ ዳግም ይጠየቃል። ከእጃቸው በቀስታ ወስዶ ከደብዳቤው ጋር ኪሱ ውስጥ ከተተውና በቅሎው ላይ ወጣ።