ባዶ እጁን የተሰለፈው ሸማኔ

ጳጉሜን ፬ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. ጣና የክረምቱን ውኃ ሲጠጣ ከርሞ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፤ ደንገሉ አንገቱ ድረስ ሰጥሞ፣ ከዘጌ እንጨት የጫኑት ታንኳዎች ከወትሮው ይልቅ ወደ ከተማው ተጠግተው ጭነታቸውን ያራግፉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከወረዱ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ረመዳን ከገባም ሦስተኛው ቀን ነው፤ የባሕር ዳር ሙስሊሞችም የተሲያቱን የዐስር ሶላት ሰግደው ሲያበቁ ከመስጊድ ሳይወጡ እንደ ተቀመጡ ናቸው። ያስቀመጣቸው አንድ ወረቀት ነበር።

ወረቀቱን የላከው አዲሱ የቀበሌ ሊቀ መንበር አቶ ክንዱ ነው፤ ይህ ሰው እስከ ሰኔ ድረስ በጀልባ ማቆሚያው ቲኬት ሲቆርጥ የኖረ ሲሆን፣ ሹመቱ ከመጣ ወዲህ ግን በወረቀት ካልሆነ በቀር ለሚስቱ እንኳ እንደምን አደርሽ አይልም እየተባለ ይታማ ነበር። «መስከረም ፪ ቀን የአብዮቱ በዓል በአደባባይ ስለሚከበር» ይላል ደብዳቤው፣ «የእስልምና ተከታዮች ተሰልፈው ደስታቸውን እንዲገልጡ፤ ደስታውን ያልገለጠ በአድኃሪነት ይታያል።»

በደብዳቤው ከልቡ የተደሰተ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም የእንፍራንዙ ተወላጅ ሸማኔው ኑርሑሴን ነው። አባቶቹ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ሌላው ለበዓል የሚለብሰውን ሸማ ሲሠሩ ኖረዋል፤ እነርሱ ግን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይባሉ ነበር፤ ዝናብ እስኪያባራ ተጠግቶ እንደ ቆየ መንገደኛ ማለት ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ዐረፋ የመንግሥት በዓል ሆኖ መሥሪያ ቤት ሲዘጋ፣ ኑርሑሴን ሰው የነገረውን አላምን ብሎ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዶ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ በእጁ ነክቶ፣ እንባውን ጠርጎ ተመልሷል። አሁን የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአደባባይ ማኅበራቱ በየስማቸው ሲጠሩ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ሲባል በጆሮው መስማት።

«ለእኛ የተሰጡን በዓላት ሁለት ናቸው» አሉ የከተማውን ግማሽ ቁርኣን ያስተማሩት አዛውንት ሸህ ዓብደላ። «ሦስተኛ አልተላከልንም። ወታደር በዓል ቢያወጣ ለወታደር ነው።»

«መውሊድሳ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሸሁ ያልሰሙ መሰሉ።

«ሸህ ዓብደላ፣ ይፍቀዱልኝና ልናገር» አለ ኑርሑሴን ተነሥቶ። «እኔ እናምልከው አላልሁም። በገዛ ቤቱ ድግስ ሲኖር ከደጅ የቆመ ሰው እንግዳ ነው የሚባል። አባቴ እንግዳ ተብሎ ሞተ። እኔም እንዲሁ ብሞት ልጆቼ ምን ይባሉ?»

«ይህ መንግሥት ነገ ቢወርድስ?» አሉ ሸሁ።

«መንግሥቱ ቢወርድ አገሪቱ አትወርድ!»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ቅርንጫፍ አወጣ። ማጨብጨብ ይፈቀዳል ወይ ተባለ፤ ከሙዚቃ ጓዱ ኋላ የሚሄድ ሰው እግሩ ከከበሮው ጋር ቢገጥም ኃጢአቱ የእግሩ ነው ወይስ የከበሮው ተባለ፤ አንድ በርበሬ ነጋዴም «ኢትዮጵያ ትቅደም ስንል ከማን ትቅደም ማለታችን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ደግነቱ ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀመረች፤ ረኃብም ሽማግሌ ያልቻለውን ያስታርቃል።

«ስሙኝ» አሉ ሸሁ። «ሥራ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ነው። የዚያን ዕለት ቅዳሜ ነው፤ የገበያው መንገድም በአደባባዩ በኩል ያልፋል። ሰው ገበያ ልሂድ ብሎ በልቡ አስቦ ከቤቱ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ሰልፍ ቢያጋጥመው በሰልፉ ውስጥ ያልፋል። ኒያው ገበያ ነው፤ ሰልፉ የመንገድ ጭቃ ነው።»

ጉባኤው በአንድ ቃል አሜን ብሎ ተበተነ። ነገር ግን ኒያ በልብ መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ ልብ ከዳተኛ መሆኑንም ያውቃልና፣ እያንዳንዱ ሰው ለኒያው ምስክር የሚሆን ነገር በእጁ ይዞ ለመውጣት ለየብቻው ወሰነ።

መስከረም ፪ ቀን ማለዳ ከመስጊዱ ደጅ የተሰበሰበው ሕዝብ ለዓይን የሚያስደንቅ ነበር። በርበሬ ነጋዴው ጆንያውን ተሸክሟል፤ አንድ ሰው እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች ቁልቁል አንጠልጥሏል፤ አንዱ ከሐሙሲት ያመጣትን ፍየል ይጎትታል፤ ሴቶቹ የተፈተለ ጥጥ በእንቅብ ይዘዋል፤ ሸህ ዓብደላ ራሳቸው ሊያስጠግኑት ነው የተባለ አሮጌ ፋኖስ በክብር ይዘዋል። ባዶ እጁን የመጣው ኑርሑሴን ብቻ ነበር።

«ዕቃህ የታለ?» አሉት ሸሁ።

«የለኝም።»

«ገበያ በባዶ እጅ?»

«እኔ ገበያ አይደለም የምሄድ፣ ሸህ ዓብደላ። ልዋሽዎ አልፈልግም።»

ሽማግሌው ይቆጡታል ተብሎ ሲጠበቅ ፋኖሳቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ከጎኑ ተሰለፉ። ሸሁ ይወዱት ነበር።

አደባባዩ ላይ አቶ ክንዱ ፍየሏን ባየ ጊዜ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከደብረ ማርቆስ የመጣው የክብር እንግዳ ሻለቃ ግን ከጧት ጀምሮ አንድ ዓይነት መፈክር በአንድ ዓይነት ጨርቅ ላይ ሲያነብ እንቅልፍ ይዞት ነበርና፣ የዶሮዎቹን ጩኸት ሰምቶ ብድግ አለ።

«ሌላው ወሬ ተሸክሞ ሲመጣ እነዚህ ምርታቸውን ተሸክመው መጡ!» አለ በድምፅ ማጉያው። «አንደኛ ወጥተዋል!»

«እኔው ነኝ ያዘዝሁ» አለ ክንዱ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አለቃቸው ይቅረብ በተባለ ጊዜ ዘበኞቹ ብዙ አላሰቡም፤ ሁሉም ሰው ተሸክሞ ሳለ ባዶ እጁን የሚሄድ ከአለቃው በቀር ማን ሊሆን ይችላል? ኑርሑሴንን እጁን ይዘው ወደ መድረኩ አወጡት። ሻለቃውም ለሽልማት ከታረደው በሬ ታላቁን ሙዳ ቆርጦ በቢላዋ ጫፍ ዘረጋለት። ሥጋው በክርስቲያን ካራ የታረደ ነው፤ ጊዜው እኩለ ቀን ነው፤ ወሩ ረመዳን ነው።

«ሻለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጾመኛ ነኝ።»

«በዘመን መለወጫ ማግስት፣ በቅዳሜ፣ ማን ነው የሚጾም?»

«እኛ ነን። ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች።»

ድምፅ ማጉያው አልተዘጋም ነበርና ቃሉ እስከ ሐይቁ ዳር ተሰማ። የጓጓለትን ስም የጠራው ሌላ ሰው ሳይሆን የገዛ አፉ ሆነ።

«የምትጾሙ ከሆነ ታዲያ ከድግስ ቦታ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» አለ ሻለቃው፣ ቆጣ ብሎ።

«ድግሱ የአገሬ ነው ብዬ መጣሁ። ከዘመድ ቤት ድግስ ጾመኛም ቢሆን አይቀርም፤ ባይበላም ይቀመጣል።»

ሻለቃው ቢላዋውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ቀጥሎም ገና ያልታረደ አንድ ወይፈን ከነሕይወቱ እንዲሰጣቸው አዘዘ፤ ወይፈኑም በሸህ ዓብደላ እጅ ታርዶ ለመግሪብ፣ ለጾም መፍቻው ሰዓት ደረሰ። ያንን ሥጋ መብላት በዓሉን ማክበር ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ ከጥግ ሲነሣ፣ ሸሁ ጎድኑን ከአፋቸው ሳያወጡ «መብላት መብላት ነው» ብለው ፈረዱ።

በሳምንቱ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት መጣ። አቶ ክንዱ የአብዮቱ በዓል በጾም ተከበረ ብሎ ቢጽፍ ከበላይ ጥያቄ እንዳይመጣበት ፈርቶ፣ ሽልማቱን «ለቅዳሜ ገበያ አምራቾች» ሲል መዝግቦት ነበር። ኑርሑሴን ቁርኣን እንጂ የአማርኛ ፊደል አያውቅምና ወረቀቱን ስድስተኛ ክፍል ለምትማረው ልጁ ለሀቢባ ሰጣት። ልጅቱ አንብባ ወደ አባቷ ቀና አለች፤ ከዚያም «ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ይላል» አለችው። እርሱም በመስታወት አስገጥሞ ከሸማ መሥሪያው በላይ ሰቀለው።

በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ኑርሑሴንም ከጎረቤቶቹ ጋር ፊደል ቆጠረ። አንድ ቀን ሥራውን አቁሞ ከወረቀቱ ፊት ቆመ፤ በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ሀቢባ ከበሩ ላይ ሆና ታየው ነበር። የኋላ ሰዎች የዚያን ዘመን ፋይል ገልጠው ቢያዩ የሚያገኙት ስለ ገበያ ሰዎች ብቻ ነው፤ መዝገብ የጻፈውን እንጂ የሆነውን አያውቅም። ኑርሑሴን ግን ወረቀቱን አላወረደውም። በዚያው ሳምንት እንግዳ መጥቶ ምን እንደሚል በጠየቀው ጊዜ፣ ልጁ እየሰማችው፣ ዓይኑን ከፊደሎቹ ላይ ሳያነሣ «ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ይላል» ብሎ አነበበለት።